በወንጭፍ የመጣች ቃል

፦ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

፦ አልሰማሁም። ጥጃዋስ?

፦ ጥጃም ያለበት!

እንዲያ ነው እንጂ። ቀረብ በሉ። አንቺ ደግሞ ጉልበቴ ላይ አትንጠልጠይ፣ እዚያው ቁጭ በይ። ይቺን ተረት የነገረችኝ አያቴ ናት። ስትነግረን ክረምት ነበር። ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲደበድበው ድምፅዋ አይሰማንም ነበርና ሁላችንም እግሯ ሥር እንሰበሰብ ነበር። ያ ቤት ዛሬ የለም። አያቴም የለችም። የርጥብ ሣሩ ጠረን ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ ነው። በሉ እንግዲህ።

በድሮ ዘመን፣ ቆላ ውስጥ፣ ከትልቅ ወንዝ ዳር፣ አርባ ሾላ የምትባል መንደር ነበረች። በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ አጥተው፣ ኋላ አንዲት ልጅ ወለዱና ስንዱ አሏት።

አንድ ቀን ቢያድግልኝ ለአጎቱ ተዝካር ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ሲሻገር ውሃው ከጉልበቱ አላለፈም። በማግስቱ ደጋው ላይ ዘነበና ወንዙ ሞላ። ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ይወርድ ጀመር። ቢያድግልኝ ማዶ ቀረ።

ከዚያም መንደሩን ንዳድ ገባው። የቆላ ንዳድ ክፉ ነው። ሰውን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ያንቀጠቅጠዋል፣ መልሶ ያነደዋል። በአንድ ሳምንት ሰባት ሰው ተቀበረ። ከዚያም ስንዱ ታመመች።

የመንደሩ ሰው ሾላው ሥር ተሰበሰበና መከረ። «እዚህ ብንቀመጥ እናልቃለን፤ ነገ ጠዋት ደጋ እንውጣ» ተባለ። አንጓች ይህን ሰማች። ልጇን አዝላ ያንን ዳገት ብትወጣ ዝናቡና ብርዱ ይገድልባታል። ብትቀር ደግሞ ባዶ መንደር ውስጥ ከታመመች ልጅ ጋር ብቻዋን ልትሆን ነው። ምን ትሁን? ባሏን ልትጠይቅ ወደ ወንዙ ሮጠች።

ቢያድግልኝ ማዶ ቆሟል። ይታያታል! ጮኸች። ጮኸ። ወንዙ እያገሣ ማን ማንን ይስማ? ከዚያም ክንዷን እንደ ሕፃን አቅፋ አሳየችው፣ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ገባው። ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያም ተነሣና ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሮጠ።

ሲመለስ ወንጭፍ ይዟል። አዙሮ አዙሮ ወነጨፈው። ድንጋዩ ከውሃው በላይ ሲበር አንጓች በዓይኗ ተከተለችው። ማሽላው መሃል ወደቀ። ስታነሣው በክር የታሰረ ነገር አለበት። ውሃ እንዳይነካው በሰም ተለብጧል። ሰሙን ብትልጠው መዳፍ የማታክል የብራና ቁራጭ ናት፣ ጠርዟ የተቦጨቀ።

አንጓች ማንበብ አታውቅም። ይዛ ወደ ሾላው ሮጠች። እዚያ ከተሰበሰበው ሰው መሃል ፊደል የቆጠረ አያ ተገኘ ብቻ ነበር። እሱም ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ሳይደርስ፣ ከብት ጠፋብን ሲሉት የተመለሰ ነው። ሲያነብ ግን ብታዩት! ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ድምፁን እንደ ቄስ አወፈረና፦

፦ እ... ግ... ዜ... ር... አለ...

ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

፦ እግዜር አለ! ምን አለ? ቀሪው የለም። ተቀዷል።

ወይ ጉድ! ሾላው ሥር ጫጫታ ሆነ።

፦ ውጡ ነው ያለው! አለ ደጋ ዘመድ ያለው ሰው።

፦ የለም፣ ጹሙ ነው ያለው፣ አለች አንዲት ባልቴት።

፦ ውሻችሁን እሰሩ ነው ያለው፣ አለ ባለፈው የተነከሰው።

ሁሉም እግዜርን የራሱን ነገር አናገረው። አንጓች ግን መሃላቸው ቆማ ታለቅሳለች። የልጇ ነፍስ ያለው በዚያ በተቀደደው ላይ ነው ብላለቻ። ከዚያም ዕንባዋን ጠርጋ ወደ የኔታ ወርቁ ሄደች። የኔታ ቅኔ ያስተማሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ናቸው። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

፦ የኔታ፣ እግዜር አንድ ነገር ብሎ ነበር፤ ጠፋብኝ፣ አለቻቸው። እየተንሰቀሰቀች ሁሉንም ነገረቻቸው።

፦ ከመጨረሻው ቃል በኋላ ምን አለ? አሏት።

፦ ምንም የለም የኔታ። የዝንብ ኩስ ብቻ ነው።

፦ የዝንብ ኩስ?

፦ አያ ተገኘ ነው ያለው። አራት ነጠብጣብ ናት። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች።

የኔታ ሳቁ። ስቀው ስቀው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

፦ አይ ተገኘ! ያቺ አራት ነጥብ ናት ልጄ። ነገሩ አልቋል ማለት ናት። ምንም አልተቀደደም። ተገኘ ያላላትን ቃል አጥብቂያት። ይቺ ቃል ትጠብቃለች።

፦ ማንን ነው የምትጠብቀው? አለች አንጓች፣ ግራ ገብቷት።

 የኔታም፦

፦ እኔስ ስለ ንባቡ ነበር፣ አሉ። ግን እንዳልሽውም ይሆናል።

እስቲ እናንተ በሉት። ምላሳችሁን ሳትጫኑ፦ አለ። ይሄ ተናገረ ነው። አሁን ጫን አድርጋችሁ፦ አለ! ይሄ እዚህ ነው፣ አልሄደም ማለት ነው። ፊደሉ አንድ፣ ነገሩ ሌላ። በየቀኑ ሰው ስናጽናና የምንላትን ቃል ብራና ላይ ሲያዩዋት ሳያውቋት ቀሩ።

አንጓች ግን ደስ አላላትም። እንዲያውም ተቆጣች።

፦ በቃ? ልጄ እየነደደች «አለ» ብቻ? ውጪ ወይም ቅሪ ቢለኝ ምን ነበረበት?

የኔታ አልተቆጧትም።

፦ ልጅሽ ስትባንን ምን ትልሻለች?

፦ እማዬ አለሽ? ትለኛለች።

፦ አንቺስ?

፦ አለሁ እላታለሁ።

፦ ሌላስ?

፦ ሌላማ ምንም። አለሁ ስላት ትተኛለች።

ይህን ከአፏ ስታወጣ አንጓች ቆም አለች። ብራናዋን በክሩ አንገቷ ላይ አሰረቻት። ከዚያም፦

፦ አልወጣም የኔታ። ዳገቱ ይገድልብኛል። እቀራለሁ፣ አለች።

፦ እኔም ለዳገት የሚሆን ዓይን የለኝም። አብረን እንቀራለን፣ አሉ።

ጠዋት ሰው አህያውን ጭኖ በደጇ አለፈ። አንጓች አላየችም፣ ጨርቅ እያራሰች የስንዱን ግንባር ታበርዳለች።

፦ እማዬ፣ አለሽ?

፦ አለሁ።

፦ አባዬስ?

፦ ማዶ አለ።

፦ እግዜርስ?

፦ አለ፣ አለቻት።  ፈርታ ነበር። ፈርታም ግን ጠበቅ አድርጋ አለችው።

ከዚያም ከደጅ የበትር ኳኳታ ተሰማ። የኔታ ናቸው።

፦ አንጓች፣ አለሽ?

፦ አለሁ የኔታ!

፦ እግዜር አለ! ብለዋት፣ እንደሷ ልጅ ዳገቱን ስላልቻለ ወደቀረው ሌላ በሽተኛ ደጅ አለፉ። ጠዋትና ማታ እንዲህ ያደርጋሉ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ማን መጣ? አያ ተገኘ! የኔታ ያሉት ወሬ ደርሶት፣ አንድ ቅል ወተት ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከዳገቱ መንገድ ተመልሶ መጣ።

፦ ያነበብኩትን ላርም ነው የመጣሁት፣ አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው እሱ ሆነ። ሁሉም በሽተኛ አልዳነም። ሁለት ሰው ሞተ፣ አያቴም ይህን አትደብቀንም ነበር። ግን ማንም ብቻውን አልሞተም። ስንዱን በስምንተኛው ቀን ላብ አጠመቃትና ዓይኗን ገልጣ «እማዬ፣ ቆሎ አምጪልኝ» አለች። አንጓች ቆሎውን ትታ አለቀሰች።

ከዚያም ዝናቡ ጋብ አለና ወንዙ ጎደለ። ቢያድግልኝ በትሩን ተመርኩዞ እስከ ደረቱ እየራሰ ተሻገረ። ልጁን አቅፎ ብዙ ቆየ። ኋላ አንጓች ብራናዋን ከአንገቷ ፈታችና ጠየቀችው።

፦ ምነው ሁለት ቃል ብቻ?

፦ ያለው ብራና እሱ ብቻ ነበር። ቄሱ ምን ልጻፍልህ አሉኝ። አለሁ ብለው ይጻፉልኝ አልኳቸው። ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ሊጽፉ ሲሉ አስቆምኳቸው። ውሸት ነዋ! እኔ አጠገብሽ የለሁም። ታዲያ አጠገቧ ማን አለ ብዬ አሰብኩ። ያንኑ አስጻፍኩልሽ።

ከዚያ ወዲህ አርባ ሾላ ውስጥ፣ ነጎድጓድ ሲሆንም ሆነ ክፉ ወሬ ሲሰማ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ላይ «አለህ?» «አለሁ!» እየተባባለ ይጠራራ ነበር ይባላል። በኔ ልጅነትም ነበር። መብረቅ ሲያስደነግጠን አያቴ አጥሩን ተጠግታ ስትጣራ፣ ከማዶ ሲመልሱላት፣ እኔ ነጠላዋን ይዤ እሰማለሁ። ያኔ ፍርሃቴ ይቀለኝ ነበር። ዛሬ አጥሩ ግንብ ሆኗል፣ የሚጣራም የለም። ይናፍቀኛል። እናንተ ግን ስትፈሩ ጥሩኝ፣ እሺ? እኔ የሌለሁ ቀንም የሚመልስላችሁን ታውቁታላችሁ።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፣ ከዳቦው ቁረሱልኝ።

ለመሆኑ ዳቦ አለ ወይ?

፦ አለ!

ጠበቅ አድርጋችሁ!

፦ አለ!