የተክለየስ መኪናና የጥሩነህ ቅቤ

በከተማችን አንድ ሰው ማንም ያልጠየቀውን ውለታ ልዋል ብሎ ሲንደረደር፣ ስለ ቅቤና ስለ ሙሽራ የምታወራ አንዲት ተረት አለች፤ እሷን ይወረውሩበታል። የዛሬ ልጆች ከቅድመ አያቶቻቸው የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተወለደችበትን ቦይ እንኳ ማሳየት ይቻላል፤ ከገበያው ቁልቁል ሲወረድ፣ መታጠፊያው ላይ በስተግራ ነው። የተወለደችውም መካኒኩ ተክለየስ ንዴት ሊገድለው በደረሰበት ቀን ነው።

ተክለየስ ስድስቱን ቀን የሰው መኪና ጠግኖ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የራሱን የሚጠግን ሰው ነበር። የራሱ የምትባለው ጣሊያን ጥሏት የሄደች፣ ብዙ ዘመን ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አሮጊት መኪና ናት። ልጁ እሌኒ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከመሪዋ ኋላ ቁጭ ብላ፣ "አባዬ፣ ሳገባ በዚች ነው የምትወስደኝ" አለችው። እሱም "ቃሌ ነው" አላት። ይህን ካለ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ሞተሩ ተነሣ፣ ፍሬኑ ያዘ፣ ቀለሙ አማረ። እሌኒም አደገችና ሠርጓ ለጥር ተቆረጠ። ያን ጊዜ የቀረው አሞርዛተሩ ብቻ ነበር።

የዛሬ መኪና አሞርዛተር በሆዱ ዘይት ይዞ ይሠራል። የዚያን ዘመኑ ግን ሌላ ነው። ሁለት የብረት ክንዶች እንደ መቀስ ይገጣጠማሉ፤ በመካከላቸው ክብ ቆዳ ይገባል፤ መሐሉ በዳዶ ይጠብቃል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መኪናውን የተሸከመው ሞላ፣ ባሌስትራው፣ ሊዘል ይነሣል፤ ቆዳው ከብረቱ ጋር ይፋተግና "ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ" ይለዋል። የቆዳው ሥራ መፋተግ ነው፤ ለመፋተግ ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። የመኪናዋ የድሮ ቆዳ በእጅ ሲነካ እንደ ቆሎ ገለባ ብን ብሎ ጠፋ።

በከተማው ከኮርቻ ሠሪው ከአቶ ጥሩነህ የተሻለ ቆዳ አዋቂ አልነበረም። ሚስቱ ወይዘሮ ፈለቀች ደግሞ የእሌኒ የክርስትና እናት ናት። እንዲህ ባለ ዝምድና ሌላ ዘንድ መሄድ ነውር ነው። ሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው ተክለየስ በቆርቆሮ የቆረጠውን ልክ ይዞ ሄደ።

"ጋሽ ጥሩነህ፣ በዚህ ልክ ስምንት ክብ ይቁረጡልኝ። ወፍራም የበሬ ቆዳ። ቅቤ የለ፣ ዘይት የለ፣ ሞራ የለ። ደረቅ።"

"ደረቅ?"

"ደረቅ።"

"እሺ ተክልዬ። ለእሌኒ ሠርግ አይደል? አሳምሬ ነው የምሠራልህ።"

ተክለየስ "አሳምሬ" የምትለውን ቃል ያን ጊዜውኑ ቢጠረጥራት ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተረክን።

በሳምንቱ ጥሩነህ ስምንቱን ክቦች በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ጋራዥ ድረስ ይዞ መጣ። ተክለየስ ሲገልጠው ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ጣቱ ላይም ወዝ ተወ።

"ጋሽ ጥሩነህ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ለጋ ቅቤ ነው። ፈለቀች የናጠችው።"

"ደረቅ አላልኩም?"

"ብለሃል። ግን የኔ ልጅ፣ ደረቅ ቆዳ ይሰነጠቃል። አባቴ ቅቤ ያልጠጣ ቆዳ ከእጁ አውጥቶ አያውቅም፤ እኔም አላወጣም። ሰው ምን ይለኛል?"

ጥሩነህ ትልቅ ሰው ስለሆነበት ተክለየስ ንዴቱን ዋጠ። "እስቲ መዳፍዎን ያፋትጉ። ያዝ ያዝ ያደርጋል አይደል? ቅቤ ቢቀቡትስ?"

"ይንሸራተታላ።"

"እንግዲያስ!"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አለ ጥሩነህ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ እንደሚሉት፣ ምንም አልገባውም ነበር።

ሁለተኛው ስምንት ሲመጣ ደረቅ መሰለ። ተክለየስ ደስ ብሎት አንዱን ገጥሞ ዳዶውን ሲያጠብቀው፣ ከቆዳው ጠርዝ ጥቁር ወዝ ቀስ እያለ ወጣ። አሸተተው። ኑግ ነው። መፍቻውን ከመሬት ላጋው፣ መልሶ አነሣው፣ ከነቱታው ጥሩነህ ቤት ድረስ ሮጠ።

"ጠብታ ናት" አለ ጥሩነህ ሳያፍር። "ከላይ እንዳይታይ በውስጥ ነው ያጠጣሁት። ቆዳም እኮ ነፍስ አለው።"

"የኔንስ ነፍስ ማን አየልኝ?" አለ ተክለየስ።

በሦስተኛው ዙር ሥራውን ዘግቶ፣ መቀመጫ ዱካውን ተሸክሞ መጣና ከጥሩነህ ፊት ተቀመጠ። ቆዳው ሲቆረጥ አየ፣ ሲጠፈጠፍ አየ፤ የጥሩነህ እጅ ወደ ቅቤው ቅል በተንቀሳቀሰ ቁጥር "ኧረ ጋሽ ጥሩነህ!" ይላል። ወይዘሮ ፈለቀች ከጓዳ ብቅ ብላ ሳቀችበት።

"በከንቱ ነው የምትደክመው ልጄ። እኔ አርባ ዓመት ጠብቄው አልቻልኩም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጡ ጨው እንዳያንሰው ብሎ ከኋላዬ ይጨምራል፤ የኔ ወጥ ተበልቶ አያውቅም።"

"ለእንግዳው ብዬ ነው" አለ ጥሩነህ።

"ለእንግዳው ነው እንጂ፤ ውኃ ሲጠጣ ያድራል።"

ብቻ በዚያ ቀን ተክለየስ ስምንቱን ደረቅ ክቦች በኪሱ ከቶ ወጣ። ገጥሟቸው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መኪናዋን ከገበያው በሚወርደው የድንጋይ ንጣፍ ቁልቁል ነዳት። ጉድጓድ ስትገባ አንዴ ዝቅ አለች፣ አንዴ ከፍ አለች፣ አረፈች። ቆዳው ከብረቱ እየተፋተገ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። ለተክለየስ ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ ዜማ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ።

የሠርጉ ዕለት ጥሩነህ ነጭ ለብሶ ከእንግዳ ሁሉ ቀድሞ መጣ። ተክለየስ መኪናዋን ከጋራዡ ወደ ድንኳኑ በር ሲያወጣት፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አለች። ከእንግዶቹ አንዱ "ምንድን ናት የምትጮኸው?" ሲል፣ ሌላው "የጋሽ ጥሩነህ ቆዳ ነው አሉ" ብሎ መለሰ። ሁለቱም ሳቁ።

ጥሩነህ ሰማ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ሦስት ጊዜ የተነገረው ሁሉ ከልቡ ወጣና አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የእሌኒ መኪና፣ በእሌኒ ሠርግ፣ በእሱ ቆዳ የተነሣ ሰው ሊስቅባት ነው። ተክለየስ ሱፉን ሊለብስ ወደ ቤት እንደገባ፣ ከወጥ ቤቱ የቀለጠ ቅቤ በስኒ ለመነ። የዶሮ ላባ ፈለገ። ነጩን ሰብሰብ አድርጎ መኪናዋ ሥር ገባ። አራቱንም አሞርዛተሮች አንድ ባንድ ቀባቸው።

ሲወጣ ወይዘሮ ፈለቀች ከፊቱ ቆማለች። የቆሸሸ ጉልበቱን አየች፣ ላባውን አየች።

"አንተ ሰው፣ ምን አደረግህ?"

"ምንም። ዝም አሰኘኋት።"

ፈለቀች ነጠላዋን ይዛ ወደ ተክለየስ ሮጠች። ግን ሙሽሮቹ መኪናዋ ውስጥ ገብተዋል፣ ከበሮው ቀልጧል፣ እልልታው ሰማይ ደርሷል። "ተክለየስ! ቁም!" ብትል የሰማት የለም። አጃቢው ሁሉ የምትመርቅ መስሎት "አሜን!" አላት። መኪናዋ ሄደች።

ተክለየስ ገበያውን እስኪያልፍ ሲጢጥታው አለመሰማቱን አላወቀም፤ የአጃቢው ጡሩምባ የዋጠው መሰለው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ዝቅ አለች። ከፍ አለች። እንደገና ዝቅ፣ እንደገና ከፍ።

"አባዬ፣ ለማን ነው የምንሰግደው?" አለች እሌኒ ከኋላ ወንበር እየሳቀች። ሙሽራው ጣሪያውን በእጁ ደግፎ ይዟል።

የቁልቁለቱ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቅ ቀረ። ባሌስትራው ሃይ ባይ አጥቶ ጎማዎቹ ይዘልላሉ፤ ፍሬን ቢረግጥ፣ አየር ላይ ያለ ጎማ ምን ይይዝለታል? መታጠፊያው ላይ መሪውን ጠመዘዘ፤ የፊተኛው ጎማ ዘለለና ወደ ግራ አረፈ። መኪናዋም ሙሽራና ሙሽሪትን እንደያዘች ቀስ ብላ ቦዩ ውስጥ ተጋደመች።

ማንም አልቆሰለም። ከእሌኒ አበባ ግማሹ ረገፈ፣ ያ ብቻ ነው። ተክለየስ ግን ሱፉን ረስቶ ጭቃ ላይ ተንበረከከ፤ ጣቱን ዳዶው ሥር ሰዶ አወጣና አሸተተው።

"ለጋ ቅቤ" አለ። "ለጋ ቅቤ! ዐሥራ አምስት ዓመት!"

ጥሩነህ እያለከለከ ደረሰ። ከነጩ ልብሱ የተረፈ ነጭ አልነበረም። "ተክልዬ፣ ሰው ሲስቅባት ሰምቼ ነው። ላንተ ብዬ፣ ለልጅቷ ብዬ፣ ደግ ያደረግኩ መስሎኝ..."

"ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት! ሦስት ጊዜ! ምነው ቢጠሉኝ ኖሮ! የሚጠላኝ ሰው እንዲህ አይደክምብኝም ነበር!"

ጥሩነህ አቀረቀረ። ተክለየስ ወደ ልጁ ዞረ። እሌኒ ቀሚሷን ሰብስባ ከቦዩ ወጣች፤ ክንዱንም ያዘች።

"ገበያውን አሳልፈኸኛል አባዬ። የቀረውን በእግር አብረን እንሄዳለን። ቄሶቹ ቤተ ክርስቲያን እየጠበቁን ነው።"

አባትየው በግራ፣ ሙሽራው በቀኝ ሆነው ቁልቁለቱን ጀመሩ፤ አጃቢው ከየመኪናው እየወረደ ተከተለ። እሌኒ አዲሱ ጫማ ጠብቧት ጥቂት ታነክሳለች። ጥሩነህ ከኋላ ሆኖ ጫማውን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየ። ከዚያ አላስችል አለው። ከኪሱ ያችን የዶሮ ላባ አወጣና ወደ ተክለየስ ጠጋ አለ።

"ተክልዬ፣ ደረቅ ቆዳ ነው እግሯን የያዛት። ከስኒው ቅቤ ትንሽ ላባዋ ላይ ተርፋለች፤ ብቻ ተረከዙን ነካ ባደርግላት..."

ወይዘሮ ፈለቀች ላባውን ከባሏ እጅ መንጭቃ ቦዩ ውስጥ ጣለችና፣ አርባ ዓመት ያጠራቀመችውን ንዴት ሁሉ አጃቢው በሙሉ እንዲሰማ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፦ "ያልለመኑት ደግ ቅቤ ቢቀባ፣ ሙሽራ ቦይ ገባ!"