ወደ ደቡብ የሚያይ ቤት

አንዲት ሴት ወንበሯን ከትልቅ መስኮት ሥር አስጠግታ ፀሐይን ትጠብቅ ነበር። ጠዋት ትጠብቃለች። እኩለ ቀንም ትጠብቃለች። ፀሐይዋ ሳትመጣ ይመሻል። በማግስቱም ያው ነው። ደመና ሆኖ ይመስላችኋል? አንዳንድ ቀን አዎ፤ ብዙውን ቀን ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር የሚውለው። ታዲያ ፀሐይዋ የት ገባች?

ዛሬ እሱን ልነግራችሁ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ተቆጥቼ ነው የመጣሁት። ለምን እንደተቆጣሁ ስጨርስ ይገባችኋል።

ይቺ ሴት እንግሊዛዊት ናት፤ ስሟን ዶሪን እንበላት። ድሮ፣ እንግሊዞች በመርከብ እየተጫኑ ወደዚህ ወደ አውስትራሊያ በሚጎርፉበት ዘመን የነበረች ልብስ ሰፊ ናት። በተወለደችበት በሊድስ ከተማ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ የምታለብሰው እሷ ነበረች። በኋላ ግን ጣቶቿን ቁርጥማት ያዛትና ብርድ በመጣ ቁጥር መርፌው ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ሐኪሟ ቁርጡን ነገራት። ሙቀትና ፀሐይ ካገኘሽ እጅሽ ይተርፋል፤ እዚህ ጭጋግ ውስጥ ከከረምሽ ግን ጣቶችሽ እንደተጨበጡ ይቀራሉ አላት።

እና ምን አደረገች? ያረጁ እናቷን ተሰናብታ፣ የስፌት መኪናዋን በሣጥን አሽጋ፣ ከባሏ ከሌስሊ ጋር መርከብ ላይ ወጣች። ለፀሐይ ብላ እናቷን ትታ መጣች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ፣ እንግሊዝ ደግሞ አውስትራሊያ መጥቶ ምን ይቸግረዋል ትሉ ይሆናል። ቋንቋው ያው፣ ሻዩ ያው፣ መልኩ ያው። ነገሩ ግን እንደሱ አይደለም። ለእኛ ሰኔ ሲገባ መብረዱ ብርቅ አይደለም፤ ሰኔን ከነካፖርቱ ከአገራችን ይዘነው ነው የመጣነው። ለእንግሊዝ ግን ሰኔ በጋ ነው። ገናን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ያሳለፈ ሰው እዚህ መጥቶ ገናን በላብ ተጠምቆ ይውላል። ዶሪንን በመጣች ሰሞን ጎረቤቶቿ ለግብዣ ጠሯትና ሳህን ይዘሽ ነይ አሏት። ምስኪን፣ ሳህን አንሷቸው መስሏት ያላትን ጥሩ ሳህን ወልውላ ባዶውን ይዛ ሄደች። ለካ እዚህ አገር ሳህን ይዘሽ ነይ ማለት ምግብ ሠርተሽ ነይ ማለት ኖሯል። ሴቶቹ ሳቁ፣ የእሷም ፊት ቲማቲም መሰለ፣ ከዚያ አብረው በሉ። ይሄ ይሳቅበታል፤ ያልፋል።

የማያልፈውን ልንገራችሁ።

በእንግሊዝ አገር ፀሐይ የምትውለው በደቡብ በኩል ነው። ስለዚህ እዚያ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ሳሎኑ ወደ ደቡብ ያያል ወይ ብሎ ነው። ደቡብ ማለት ሙቀት ማለት ነው፤ ይህን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች በዚህ የሚጨነቅ የለም። ከምድር ወገብ ወዲህ ወርዳችሁ እዚህ ስትኖሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። ሳሎኑ ወደ ደቡብ የሚያይ ቤት ክረምቱን በሙሉ ጨለማና ብርድ ነው።

ሌስሊ ይህን አያውቅም። ዶሪንም አታውቅም። የሚያውቅ ሰው ግን ነበራቸው።

ክሊፎርድ ይባላል። ከዶሪን ጋር የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ እሱ ቀደም ብሎ መጥቶ ባላራት በምትባል፣ ብርዷ በታወቀ ከተማ ሥራና ቤት ይዟል። ከወደብ የተቀበላቸው እሱ ነው። በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ ለዶሪን የአገሯ ሰው ማለት እሱ ብቻ ነበር። እጇን አሳይታዋለች፤ ሐኪሟ ያላትን፣ እናቷን ለምን ትታ እንደመጣች፣ ሁሉንም አጫውታዋለች።

እዚያው ከተማ ቤት ሲፈልጉ ሁለት ቤት አገኙ። አንደኛው ጠበብ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ወደ ሰሜን ያያል። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ያ ትልቁ መስኮት ያለው እሱ ነው፤ ወደ ደቡብ ያያል። ጊዜው በጋ ስለነበር ውጪው ይነድዳል፣ ሁለተኛው ቤት ደግሞ ነፋሻና ብርሃናም ነው። ሌስሊ በአገሩ ወንዝ ላይ የጀልባ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነውና ኮምፓስ ከኪሱ አይጠፋም። አወጣና መስኮቱ ፊት ቆሞ ለካ። ደቡብ ነው፣ ልክ ደቡብ ነው እያለ ፈነጠዘ። ቤት ሻጩ እሰየው አለ፤ የእሱ ጉዳይ መሸጥ ነው፤ በእሱ አልፈርድም።

ክሊፎርድ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ያያል፤ ዝም። ዶሪን ግን ልቧ አላረፈምና ወደ እሱ ዞረች።

«ክሊፎርድ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትወስድ ነበር?»

ይኸውላችሁ፣ ጠየቀችው። ልንገራቸው ብዬ ፈርቼ ነው፣ አይሰሙኝም ብዬ ነው የሚልበት ሰበብ እንኳ አልቀረለትም። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሰውየው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠና፣ «ባልሽ ኮምፓስ ይዞ የለ እንዴ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አላት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ይፈላል። ጠላቷ ቢሆን ባልገረመኝ። ቂም ቢኖረው ባልገረመኝ። ምንም አላደረገችውም እኮ! ሲሳሳቱ ማየት ብቻ ነው ያማረው፤ እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ማየት።

ክረምት ገባ። ዶሪን ወንበሯን ከመስኮቱ ሥር አደረገች፤ ፀሐይ አልመጣችም። ሌስሊ፣ የከለላት ደጅ ያለው ዛፍ ነው ብሎ ያን የመሰለ ግዙፍ ዛፍ ቆርጦ ጣለ። አልመጣችም። ዘንድሮ አየሩ ተበላሽቶ ነው አለና ወንበሩን ደግሞ ወደ መስኮቱ አስጠጋላት። ግድግዳው እርጥበት አምጥቶ ሻጋታ አወጣ። ዶሪን ብርድ ልብስ ደርባ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ትጠብቃለች። የስፌት መኪናዋ ከሣጥኑ ወጥቶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ክዳኑን የሚያነሳው የለም። ነገ ትመጣ ይሆናል፣ ለዚህ ብዬ አይደል እናቴን ትቼ የመጣሁት ትላለች ለራሷ።

ክሊፎርድስ? ክሊፎርድ እሁድ እሁድ ሻይ ሊጠጣ ይመጣል። ሻጋታውን ያያል። የተቆረጠውን ዛፍ ያያል። ስኒውን ስታቀብለው ጣቶቿ እምቢ ሲሏት ያያል። ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ ጨዋታው አመስግኖ ወደ ሞቀው ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊት እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

አንድ ቀን ዶሪን ቆሻሻ ልትደፋ ወደ ጓሮ ዞረች። የቤቱ የሰሜን ግድግዳ መስኮት የለውም፤ ዕቃ ቤቱና የቆሻሻ በርሜሉ በዚያ በኩል ናቸው። አዳልጧት ግድግዳውን ስትደገፍ ጡቡ እጇን ሞቃት። ምን ጉድ ነው ብላ ዞር ስትል ፀሐይዋ ከፊቷ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠብቃት የከረመችው ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ስትውል ኖራለች። ባልዲ ገልብጣ ከበርሜሉ ጎን ተቀመጠች፤ ሁለቱን እጆቿን ጡቡ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ክሊፎርድ የመጣው ይሄኔ ነው። በር ቢያንኳኳ መልስ አጥቶ በጓሮ ዞረና አገኛት። ሳቀ።

«አገኘሻት? እኔም የመጀመሪያውን ክረምት እንዲሁ ስንቀጠቀጥ ነው የከረምኩት» አላት።

ዶሪን ቀና ብላ አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«እኔንስ ማን ነገረኝ?» አለ ክሊፎርድ።

አልተሳደበችም። እጆቿን ከግድግዳው አንስታ ልትዘረጋለት ሞከረች። ጣቶቿ አልተዘረጉም፤ እንደተጨበጡ ቀርተዋል።

«እኔ ነግሬህ ነበር» አለችው። «ለምን እንደመጣሁ ነግሬህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቤት ቀየሩ፤ ፀሐይ ሞልቶ የሚገባበት ቤት። ጣቶቿን ግን የሚከፍታቸው አልተገኘም፤ የስፌት መኪናውንም ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። እናቷም ወዲያ ማዶ እንደናፈቋት ሞቱ። ምሳሌዬ ይኸው ነው፤ አለቀ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ምን አለባችሁ፣ የእንግሊዞች ወሬ መስሏችሁ ተመቻችታችሁ ተቀምጣችኋል።

«እኔንስ ማን ነገረኝ?» ይህን ቃል ከማን ነው የሰማሁት? ከክሊፎርድ ብቻ ነው? እዚሁ፣ ከጸሎት በኋላ ሻይ በምንጠጣበት አዳራሽ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። «እኛ ስንመጣ ማን አሳየን?» «ይቅመሷት፣ እኛም ቀምሰናታል።» እንዲህ ስትሉ ሰምቻለሁ፤ ስትሉም ትስቃላችሁ።

ነርስ ሆና የመጣች እህታችን የሆቴል መጸዳጃ ቤት በኬሚካል ስትፈትግ እጇ ተልጧል። የትምህርት ማስረጃዋን የት ወስዳ እንደምታስገመግም የምታውቁ እዚህ የላችሁም? አላችሁ። በዚያው መንገድ አልፋችሁ አሁን በሆስፒታሉ የምትሠሩ አላችሁ፤ ልጥራችሁ? ሐኪም ፊት ቀርባ ሆዷን እየነካች በምልክት ያወራችዋ እናት፣ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደምትችል ማን ነገራት? አጠገቧ ወረፋ ይዛ የነበረችው ከመካከላችሁ ናት። አየቻት፣ ሰላም አለቻት፣ ዝም አለቻት። አንዱ ወንድማችን የማያነበውን የቤት ኪራይ ውል ሲፈርም አጠገቡ ቆማችሁ ሰዓታችሁን ስታዩ የነበራችሁስ?

ሰረቅን እንዴ ትሉኛላችሁ። ዋሸን እንዴ ትላላችሁ። አልሰረቃችሁም፣ አልዋሻችሁም። ክሊፎርድም አልዋሸም። በሩን ተደግፎ ቆመ፣ ይኸው ነው የሠራው። የሴትዮዋ እጅ ግን ቀረ።

የተንቀጠቀጣችሁባትን ያቺን የመጀመሪያ ክረምት እግዚአብሔር ለምን አሳለፋችሁ ይመስላችኋል? ሌላው ሲንቀጠቀጥ እንድትስቁበት ነው? ያያችሁትን መከራ እንደ ሹመት ደረታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ያልቀመሰው አይገባውም እያላችሁ ትኩራራላችሁ። አፈርኩባችሁ። እናንተን ማንም አልነገራችሁም፤ እሺ፣ በደል ነው፤ እኔም ስለ እናንተ አዝናለሁ። ታዲያ በደሉ እናንተ ጋ ሲደርስ ማቆም አይችልም ነበር? አንድ ሰው ማስቆም አለበት እኮ።

ጌታ በፊቱ ስንቆም ስለማናውቀው ነገር የሚጠይቀን አይመስለኝም። ይህን ታውቅ ነበር ወይ ይለናል። ያን ጊዜ እኔንስ ማን ነገረኝ ብላችሁ ለመመለስ ተዘጋጅታችኋል?

ከኋላ ያሉትን ወንበሮች ተመልከቱ። ካፖርት ያላወለቁት በዚህ ሰሞን የመጡት ናቸው። ቤቱ ሞቆ ሳለ ካፖርት ያላወለቁት ለምን ይመስላችኋል? የሚያድሩበት ቤት በርዷቸው ነው፤ ብርዱ አልወጣላቸው ብሎ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብለው፣ አንድ ሰው ትተው ነው የመጡት። ምን ብለው እንደመጡ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?

ተነሱ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኋላ ዙሩ። የምታውቁትን ንገሯቸው፤ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትውል ንገሯቸው። ቡራኬው ይቆያል፤ እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።