ቆርቆሮ ያልተሸከመው በሬ

«አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ነበረ» አልኳት። «ሀብታም ነበረ አልልሽም፤ እሱም ለግብር ሰብሳቢዎች እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

የጠየቀችኝ ወለተ ሐና ናት፤ የንስሐ ልጄ ነች፣ ዳቦ ቤት አላት። «አባ፣ ግብሬን በስልኬ ባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላሠራና የሂሳብ ባለሙያዬን ላሰናብተው ወይ?» ብላ መጣች። የንስሐ አባት እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። መጻሕፍቱን አገላበጥኩ፤ ስለ ቀራጮች ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ስልክ ግን አላገኘሁም። ስለዚህ የቆርቆሮ ነጋዴውን ነገር ነገርኳት።

ይህ ሰው ዝምተኛና ጨዋ የሆነ የሂሳብ ባለሙያ ነበረው። ነጋዴው ልጁን ሲድር የሠርጉን በሬ በሱቁ ገንዘብ ገዛና፣ ደረሰኙን ከምስማርና ከቆርቆሮ ደረሰኞች ጋር ቀላቅሎ ሰጠው። የሱቁ ወጪ በበዛ ቁጥር ግብሩ ይቀንሳል ብሎ ነው። ባለሙያው በሬውን አየው። አይቶም ሳል ሳል አደረገውና ወደሚቀጥለው ደረሰኝ አለፈ። ሠርጉ ላይ ተጠርቶ ነበር፤ የበላውን በሬ እንዴት ብሎ ይሰርዝ?

የባለሙያው ሥራ ሲዘገይ ነጋዴው ትዕግሥት አጣ። «አንተም ደክሞሃል፣ እስቲ ዕረፍ» ብሎ በክብር አሰናበተው። ለሰው ማሰብ እንዲህ ነው። ከዚያ ደረሰኞቹን እያገላበጠ ፎቶ አንስቶ፣ የባንክ መግለጫውንም ጨምሮ በስልኩ ላለው ማሽን ሰጠው።

ማሽኑ ጎበዝ ነው። አይተኛም፣ አይስልም፣ ሠርግም አይጠራም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሁሉንም አገላብጦ ጨረሰና ጠየቀ፦

«ይህ በሬ ለቆርቆሮ ንግድዎ ምን አገልግሎት ሰጠ?»

ነጋዴው ደነገጠ። በዕድሜው እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀው የለም። ግራ ቀኙን አየና «ለጭነት ነው» ብሎ ጻፈ።

«በጣም ግልጽ ማብራሪያ ነው፤ አመሰግናለሁ» አለ ማሽኑ። በሬውንም ከማጓጓዣ ወጪ አስገባው።

«እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል!» ብሎ ነጋዴው ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ።

የሳቀው ግብሩ ተሰልቶ እስኪመጣ ነው። ሱቁን ቢሸጥ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። «ለምን ይህን ያህል በዛ?» ቢለው፣ ማሽኑ «ሽያጭዎ በጣም ስላደገ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት» አለው። ነጋዴው ምን ሸጦ እንደከበረ ቢያስብ ቢያስብ ጠፋው። የማስገቢያው ቀን ደርሷል፤ ስልኩን ይዞ ወደ ባለሙያው ቤት ሮጠ።

«ወንድሜ፣ ዕረፍቱ ይበቃሃል!»

ባለሙያው መነጽሩን አድርጎ አነበበና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሽያጭ አይደለም። ባንክ ያስገቡት የዕቁብ ገንዘብ ነው። ዕጣው ሲወጣልዎ አጠገብዎ ሆኜ ያጨበጨብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለው። ከሽያጩ አወጣው። ሱቁ ተረፈ።

ነጋዴው ስልኩን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ባለሙያው ግን ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ ኖሮ፣ ማጓጓዣ ውስጥ የቆመውን በሬ አየ። ሊስል ጉሮሮውን ጠረገ። ከላይ የማሽኑ ጥያቄ እንደተጻፈ አለ፤ ምን አገልግሎት ሰጠ ይላል። ሳሉን ዋጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ በሬ ቆርቆሮ አልተሸከመም። እኔ ራሴ በልቼዋለሁ።»

የነጋዴው ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በሬው ከወጪ ወጣ። ማሽኑም «ልክ ነዎት፤ ስለ እርማትዎ አመሰግናለሁ» አለ። እሱ መቼም ቂም አይዝም። ነጋዴው የበሬውን ግብር ከፈለ፣ የዕቁቡን አልከፈለም። በእጁ ፈርሞ አስገባና ለከርሞም ሁለቱን አብረው እንዲሠሩለት ወሰነ። በዚያን ቀን ምሳውን በደንብ በላ ይባላል።

«እንግዲህ ልጄ» አልኳት፣ «ማሽኑ ከበሬው አልቀመሰምና አፍሮሽ ዝም አይልም፤ ነገር ግን ለጭነት ነው ካልሽው ያምንሻል። ባለሙያሽ ጓዳሽን ያውቃል፤ ስለሚያውቅ ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል። አንዱን ለአንዱ ብለሽ አታባርሪ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኚያቸው። ፊርማው ግን የራስሽ ነው። ግብር ሰብሳቢዎቹ ሲጠሩሽ ስልክሽ ቆሞ አይመልስልሽም።»

ወለተ ሐና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባ፣ እኔ እንኳ በሬ የለኝም። ለአቦ ዝክር ወደ ደብሩ ያመጣሁት የድፎ ዳቦ ዱቄት ብቻ ነው ከዳቦ ቤቱ ወጪ የገባው።»

ያን ድፎ ባርኬ የቆረስኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ዳቦ ነበር፤ ጥቁር አዝሙድ ነበረው።

ድንገት ሳል ያዘኝ።

«ይህንን እንኳ» አልኳት ጉሮሮዬን እየጠረግሁ፣ «ማሽኑ ይጠይቅሽ።»