የእንዳላማው የተቃጠለ ዘይት

«ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ነው የሚሰጡት?» አለችኝ ከኋላዬ የቆመች ሴት።

ዞር ብዬ አየኋት። የሰፈራችን ሰው አይደለችም። ከገበያ ስትመለስ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ አይታ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ጀሪካን የያዘ ሰልፍ ካየህ መጀመሪያ ትሰለፋለህ፣ ከዚያ ትጠይቃለህ።

«ይኼ እኮ የሚበላ አይደለም የኔ እህት። ከሞተር ሳይክል የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ይሁን፣ ለአጥሬ ይሆነኛል» ብላ ቦታዋን ያዘች።

ዛሬ በቻግኒ ገበያም፣ በሽምግልናም፣ በሠርግ ድግስ ክርክርም ላይ ሰው ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። የሚሰማት ሁሉ ከቅድመ አያቶቹ የወረሳት ይመስለዋል። አይደለችም። የተወለደችው በዚያ ሰልፍ ቀን፣ ከእኔ አጥር ማዶ ነው። ይህን ስናገር ደረቴ ትንሽ ቢነፋ አትፍረዱብኝ። ሌላው ሰፈር አስፓልት አለው፤ እኛ ደግሞ ተረት አለን።

የሰልፉ ባለቤት ጎረቤቴ እንዳላማው ነው። የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው፤ በሞተር ሳይክሉ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። ሞተሯን ሁልጊዜ ጋራዥ ወስዶ ነበር ዘይት የሚያስቀይራት። አንድ ቀን የተቃጠለውን ስጡኝ ቢላቸው «እሱ የቤቱ ነው» አሉት። ይህች ነገር ከነከነችው። «ከእንግዲህ ዘይቴን በግቢዬ ራሴ እቀይራለሁ፤ የተቃጠለውም ለሰፈሬ ሰው ነው» ብሎ ተነሣ።

ለእኛ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በእኛ በኩል ምስጡ ጨካኝ ነው፤ ዘንድሮ የተከልከውን እንጨት ለከርሞ ዱቄት አድርጎ ያስረክብሃል። እግሩ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨት ግን ይከረፋዋል መሰለኝ፣ ምስጡ አይደፍረውም።

ከሁላችን ይልቅ የቸገራቸው እማማ የውብዳር ነበሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የጓሮ ግድግዳቸውን ምስጥ ጨርሶት በላስቲክ ጋርደውታል። የምስጥ መድኃኒት ሊገዙ ሲነሡ እንዳላማው መንገድ ላይ አገኛቸውና «እኔ እያለሁልዎት? ብርዎን ያስቀምጡ» አላቸው። አመኑት። አዲሶቹ ቋሚዎች ተቆርጠው ግቢያቸው ተጋድመዋል፣ ጉድጓዱም ተቆፍሯል፤ በዚያው በሰልፉ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት ሊተከሉ ነው። ሰማዩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ፣ ክረምቱ ደጅ ደርሷል።

እንዳላማው በእሳቸው ቢያቆም ደግ ነበር። አላቆመም። ለአንዱ ለአጥሩ፣ ለአንዱ ለአልጋው እግር፣ ለአንዱ ለበሩ ማጠፊያ፣ ላገኘው ሁሉ ቃል ገባ። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበረና ከዚያ መኪና ሆድ ዘይት በጀሪካን ሲቀዳ አይቷል። ለእሱ ሞተር ሁሉ ሞተር ነው።

ያን ጠዋት ከሱቅ የገዛትን አዲስ ዘይት በእጁ አየኋት። ትንሽዬ ዕቃ ናት።

«የምትጨምረው ይቺን ብቻ ነው?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ይቺን የምታህል ገብታ፣ ይኼን ሁሉ ጀሪካን የሚሞላው ከየት ይወጣል?»

«ዘይት ሲሞቅ ይነፋል።»

«እንደ ሊጥ?»

«እንደ ሊጥ» አለኝ፣ ፊቱ ሳይፈታ። እኔም ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ ተሰለፍኩ።

ሥራውን ሲጀምር ግን ያምርበት ነበር። ሞተሯን አስነሥቶ ጥቂት አሞቃት፤ «ዘይት ከቀዘቀዘ እንደ ማር ነው፣ አይወርድም» እያለ ያስተምረናል። አጠፋትና በመሀል መቆሚያዋ ቀጥ አድርጎ አቆማት። ሳፋ ከሥሯ አስገባ። እማማ የውብዳር ከፊት ቆመዋል።

«እማማ፣ ይቺ የሆዷ መዝጊያ ቡሎን ስትፈታ ዘይቱ ይጎርፋል። ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ነጠላዎን እንዳይነካው» አላቸው።

ፈቀቅ አሉ። ቡሎኑ ተፈታ። ዘይቱ ጥቁር ክር ሆኖ ወረደ። ሰልፉ ተንጠራራ። ክሩ ቀጠነ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ቆመ። የሳፋው ታች ብቻ ተሸፍኗል።

«ገና ነው። ፊልትሮው ውስጥ የተደበቀ አለ» አለ እንዳላማው።

የዘይት ማጣሪያዋን ክዳን ፈትቶ አሮጌውን ፊልትሮ አወጣው። የተደበቀው ግማሽ ብርጭቆ አይሞላም። ሞተሯን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ሁለት ጠብታ ጨመረችለት።

«ይኼ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁላችን?» አለች እንግዳዋ ሴት።

ማንም አልሳቀም። እማማ የውብዳር ጎንበስ ብለው ሳፋውን አዩ፤ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

ሌላ ሰው ቢሆን መፍቻውን ጥሎ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋ ነበር። የእኛው ሰው ግን ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ ሥራውን ቀጠለ። የፊልትሮውን ቤት በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ። አዲሱን ሲያስገባ የክዳኑ ጎሚኒ፣ ያቺ የጎማ ቀለበት፣ እንዳይጣመም በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። ቡሎኑን መልሶ አጠበቀና አዲሱን ዘይት ታቹ በተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ አንቆረቆረ። አስነሣት፤ በአንድ ርግጫ ተነሣች፣ ድምፅዋም ለሰለሰ። ከሥሯ አጎንብሼ አየሁ፤ የምታንጠባጥበው የለም። በሰፈራችን ሞተር በገዛ ግቢው ፈትቶ የገጠመ እሱ የመጀመሪያው ነው። ባዶ ጀሪካኔን እንደያዝኩም ቢሆን ኮራሁበት።

ከዚያ ሳፋውን አነሣ። የሁላችንም ዓይን ተከተለው። ማንንም ሳያይ በሰልፉ መሀል አልፎ እማማ የውብዳር ግቢ ገባ፤ ተንበርክኮም የቋሚዎቹን እግር በጨርቅ መቀባት ጀመረ። ቆጠበ፤ አፈር የሚነካውን ብቻ ነው የሚቀባው። እንደዚያም ሆኖ ሦስተኛው ቋሚ ላይ አለቀበት። የቀሩት ደረቅ እንደሆኑ ተጋድመዋል። ጨርቁን ሳፋው ላይ ደጋግሞ አሸ፤ ምንም አልያዘም።

«አመድም እኮ ምስጥ ይከለክላል» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

ማን ቀድሞ እንደሄደ እንጃ። ሰልፈኛው ሁሉ ጀሪካኑን አስቀምጦ በቆርቆሮም በባልዲም ከየምድጃው አመድ እየዛቀ ተመለሰ። እኔም አመጣሁ። እንግዳዋ ሴት እንኳ ዘንቢሏን አጥር ላይ ሰቅላ በቋሚዎቹ ሥር አፈር ረገጠች። ጉድጓዶቹ አመድ ጠገቡ፣ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ፣ ማገሩም ተመታ። ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ላስቲኩ በአዲሱ እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ውስጥ የእማማ መደብ ደረቅ ነበር።

እንዳላማው እጁን እየጠረገ ቋሚዎቹን ሲያይ ቆየ። ቀስ እያለ ኩራቱ ተመለሰለት፤ አንገቱ ሲቃና አየሁት።

«እማማ፣ አሁን እጄ ለምዷል» አለ። «በመስከረም ደግሜ ስቀይር የፊት ለፊቱን ግድግዳ ሙሉውን እቀባልዎታለሁ። የዕቃ ቤቱንም። የጋሼን አጥር፣ የዚችን እህታችንንም...»

እማማ የውብዳር ከነጠላቸው ላይ አመዱን እያራገፉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት መለሱለት፦ «አንተ ልጅ፣ ቡሎን ሳይፈታ ዘይት አይታደልም።»