ዝንጀሮ የሠራው ግድብ

ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ተረቴን ልስጣችሁ። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ሳቅህን አቆይልኝ፤ ገና ምኑን ሰማህና!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሸለቆ ሲኖሩ፣ በጋው ጠናባቸውና ምንጫቸውን ሊገድቡ ተነሡ። "ማን ይሥራው?" ተባለ። አያ ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ። "እኔ እያለሁ?" አለ።

ድንጋይ ፍለጋ ወጣ። መንገድ ላይ ነጋዴ ጥሎት የሄደ አሞሌ ጨው ተቆልሎ አገኘ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ተጠርቦ ያለቀ ነው። "ይህን የመሰለ ድንጋይ እያለ የምን መንከራተት!" አለና ተሸክሞ አመጣው። ምን ልበላችሁ፣ ምንጩን በጨው ገደበው! ውሃው ሞላ፣ እንስሳቱ ሲጨፍሩ ዋሉ። በማግስቱ ቢመጡ ግድብ የለ፣ ውሃ የለ። ከዳር በኩል ውሃ ያልነካው አንድ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል።

የሸለቆው ዳኛ አያ አንበሳ አገሳ። "አውጫጭኝ ይደረግ! ያፈረሰው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም!" ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀመጡ።

ፍየል ተነሣች። "ጃርት ናት። መቆፈር ልማዷ ነው።"

ቀበሮ ተነሣ። "ጃርት ናት። እሷን እኮ አቅፎ የሳማት የለም፤ ቂም ይዛብን ነው።"

ጦጣ ተነሣች። "ጃርት ናት። ስታፈርስ አላየኋትም፤ እንግዲህ ተመልከቱ ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነች!"

ዝንጀሮም ዓይኑን በጨው አጥቦ ጨመረበት። "ያለ ተንኮል እንዲህ ያለ ግድብ ይፈርሳል? የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!"

ምስኪን ጃርት ልጆቿን ከኋላዋ ደብቃ አለቀሰች። "ጌታዬ፣ ድንቻችሁን ቆፍሬ በልቻለሁ፤ አልክድም። ግድቡን ግን አልነካሁም። በዚህ ሐሩር ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?"

"ከሸለቆው ትውጣ! ትውጣ!" አሉ ሁሉም። አንበሳም ሊፈርድባት አፉን ከፈተ።

ይሄኔ ከወደ ግድቡ ሳቅ ተሰማ። "ኧረ በቃሽ! ኮረኮርሽኝ እኮ!" ዞር ቢሉ፣ ላሚቱ ሙግቱን ትታ ያንን የተረፈ ቁራጭ ትልሳለች።

"ማነው የሚስቀው?" አለ አንበሳ።

"አሞሌ ነኛ! ማን ልሁን?" አለ ቁራጩ።

"ጨው! ታዲያ ለምን ድንጋይ ነኝ አልክ?"

"እኔ መቼ ወጣኝ? ማን ጠየቀኝና!"

ሁሉም ወደ ዝንጀሮ ዞሩ።

"አንተ፣" አለ አንበሳ፣ "ሆን ብለህ ነው?"

"ኧረ በአምላክ፣ ጌታዬ! ከልቤ ነው የሠራሁት!"

"ምነው ከልብህ ባልሠራህ ኖሮ!"

ጦጣ ቅር አላት። "እና አሁን ማንንም ላናባርር ነው?" አለች። አይ ጦጣ! ውሃው መሄዱ ሳይሆን ጃርት መቅረቷ ነው የቆጫት።

አንበሳ አፍሮ ወደ ጃርት ዞረ። "በድለንሻል። ካሳሽ ምን ይሁን?"

ጃርት እንባዋን ጠረገች። "ካሳችሁ ይቅርብኝ። ሌላ ግድብ ስትሠሩ ግን፣ እባካችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ ድንጋዩን ላስ አድርጉት።"

ተረቴን እዚህ ላይ አስቀምጫለሁ። እናንተም ግድባችሁ በፈረሰ ቁጥር ጃርት አትፈልጉ። ጃርትን ብታባርሯትም ጨው ውሃ ውስጥ መሟሟቱን አይተውም።