የታመመችው ፍየል ወሬ

አንድ ሰው ነበረ። ፍየሎቹ ብዙ፣ ቃሉም የታመነ። የሚኖረው በቆላ፣ ሦስት አገሮች በሚዋሰኑበት ሜዳ ላይ ነው። ድንበሩን ካርታ ያውቀዋል እንጂ ፍየል አያውቀውም። ዝናብ ወዲህ ሲጥል መንጋው ወዲህ ይመጣል፣ ወዲያ ሲጥል ወዲያ ይሄዳል፤ የውሃ ጉድጓዱም የጋራ ነው።

ትርሲት፣ ይህን የምነግርሽ ለጥያቄሽ መልስ እንዲሆን ነውና አታቋርጪኝ። ላቦራቶሪያችሁ ከታመሙ እንስሳት የወሰደውን ጀርም መርምሮ የለመድነው መድኃኒት እንደማይገድለው አገኘ። ጎረቤት አገሮች ደግሞ ያገኘነውን እናሳያችሁ፣ እናንተም አሳዩን፣ አመራመራችንም አንድ ይሁን አሉ። አለቆችሽ ገበያ ይዘጋብናል ብለው ፈሩ። አንቺም እኔ አሮጌው አስተማሪሽ ዘንድ መጥተሽ «ለምን እኛ ቀድመን ገመናችንን እናወጣለን?» አልሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የፈሪ ጥያቄ ነው፣ ግን ጥሩ ነው። እንግዲህ ስሚ።

በዚያ አገር ዳጉ የሚባል ወግ አለ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አይተላለፍም። ጥላ ይፈልጋል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ በየትኛው መንገድ ጠብ አለ። የሰማውም ሄዶ ለሌላው ይነግራል። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያዳምጠው የለም። ስልክ ሳይኖር ወሬ ከተራራው እስከ ባሕሩ የሚደርሰው በዚህ ነበር። ሰው የሚድነውም በዚህ ነው፤ ሣር ወደሌለበት ሜዳ መንጋ የነዳ ሰው አለቀለት ማለት ነዋ።

የዚህን ሰው ፍየሎች ሳል ያዛቸው። አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ጎናቸው ይርገበገባል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሰውየው አልደነገጠም። ከወደቡ በኩል በግመል የሚመጣ ቢጫ የመርፌ መድኃኒት አለ፤ ስንት ዘመን ወግቶበታል፣ ማታ የተወጋችው ፍየል ሲነጋ ቆማ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ወጋቸው። አልተነሡም። ጠርሙሱ አሮጌ ይሆናል ብሎ አዲስ ገዛና ልኩን ሳያጎድል ደግሞ ወጋ። ሳሉ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ገባው፤ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል።

ገባውና ምን አደረገ? ሆድ ይፍጀው አለ። ነጋዴዎች ከወደብ የሚመጡበት ታላቁ ገበያ ቀርቦ ነበር። በጋው ገብቷል፣ ሣሩ አልቋል። ፍየሎቹን ካልሸጠ ለቤተሰቡ እህል የሚገዛበት የለውም፣ ለፍየሎቹም የሚያበላቸው የለውም። የእሱ ፍየሎች መድኃኒት የማይመልሰው ሳል አለባቸው ከተባለ ማን ይነካቸዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም አለና የሚስሉትን ለይቶ ከቁጥቋጦ ጀርባ አጥር ሠርቶ ደበቃቸው።

አንድ ቀን ወደ ውሃ ሲወርድ አማቹን አገኘው። የአንዲት ሴት ልጁ ባል ነው፤ የሚኖረው ከድንበሩ ወዲያ ነው። ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። አማቹ እንደ ወጉ ጠየቀ፣ ሰውየውም እንደ ወጉ መለሰ። ዝናቡን ነገረው፣ ጉድጓዱን ነገረው፣ ጅብ የበላበትን ግልገል ሳይቀር ነገረው። ምን ሞተብህ ሲባል የሞተውን ተናገረ። የሚስሉት ደግሞ ገና አልሞቱም፣ ስለዚህ አላነሣቸውም። እዪው እንግዲህ ብልጠቱን! አንዲት ቃል አልዋሸም። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ከዋሾ አብልጬ እፈራዋለሁ፤ ዋሾስ ቢያንስ መዋሸቱን ያውቃል። አማቹም አመስግኖ፣ መንጋውን ከሰውየው መንጋ ጋር ቀላቅሎ ከዚያው ጉድጓድ አጠጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ የአማቹ ፍየሎች መሳል ጀመሩ። እሱ ምን ያውቃል? ቢጫውን መድኃኒት ገዝቶ ወጋ፣ ነገ ይሻላቸዋል ብሎ ጠበቀ፣ ሳይሻላቸው ሲቀር ጨመረ። ሌላ መድኃኒት እንዳለ ሰምቷል፣ ነገር ግን የሚገኘው ሩቅ ነው፤ ያመነውን ትቶ ለምን ይሂድ? እንዳመነ ጊዜው አለፈበት። የሚታለቡት ፍየሎቹ ቀድመው አለቁ። በቤቱ ደግሞ ገና ጡት የጣለ ሕፃን ነበር፣ የዚያ የሰውየው የልጅ ልጅ፤ ከፍየል ወተት በቀር የለመደው ምግብ የለውም።

ያን ጊዜ የሕፃኑ እናት ተነሣች። ልጇን አዝላ፣ ድንበሩን ተሻግራ አባቷ ዘንድ መጣች። ሰውየው ከሩቅ ሲያያት ፍርሃት ያዘው፤ ሰምታለች፣ ልትወቅሰኝ ነው የመጣችው አለ። ውሃ ሰጧት፤ እሷ ግን ከመጠጣቷ በፊት ተናገረች።

«አባቴ፣ ቢጫው መድኃኒት አይሠራም። የእኛ ፍየሎች እያለቁ ነው። አንተ ጋ ሳይደርስ ልንገርህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ልትወቅሰው አልነበረም። ልትለምነውም አልነበረም። ያን ሁሉ ፀሐይ ችላ የመጣችው እሱን ልታስጠነቅቅ ነው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሕፃኑ ከጀርባዋ ላይ ያለቅስ ነበር፣ የራበው ልጅ ቀጭን ልቅሶ። ሰውየው «አውቅ ነበር» አላት።

«ባሌ ጠይቆህ አልነበረም?» አለች።



ታላቁ ገበያ የዋለው በማግስቱ ነው። ከሦስቱም አገር ሰው ተሰብስቧል፤ የወደብ ነጋዴዎችም የፍየል ጥርስ እያዩ ይዘዋወራሉ። ሰውየው አንዲት ፍየል ሳይነዳ ባዶ እጁን መጣ። በዱላው ተደግፎ ገበያው መካከል ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«የእኔ ፍየሎች ታመዋል። ቢጫውን መድኃኒት ልኩን ሰጥቼ አልዳኑም። አማቼ ጠይቆኝ ደብቄዋለሁ፣ የእሱም አለቁ።»

ነጋዴዎቹ ተያዩ። ወዲያው ከዚያ ሰው መንደር ፍየል የሚገዛ ጠፋ። የገዛ ዘመዶቹ ቤታችንን ዘጋህብን ብለው ሰደቡት። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም የሚመግቡት ልጅ አላቸው።

ቆይቶ ግን ከሦስተኛው አገር የመጣ አንድ ሰው ተነሣና የእኔም አልዳኑም፣ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት አለ። ሌላው ደግሞ ተነሥቶ ኧረ እኔስ ድነውልኛል፣ መድኃኒቱን አትስደቡ አለ። አንዱ ሠርቷል፣ አንዱ አልሠራም እያሉ ሊጣሉ ደረሱ። ይኸውልሽ፣ ገመናን ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ሰውየው ዱላውን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና እንዴት አድርጋችሁ ነው የሰጣችሁት ብሎ በተራ ይጠይቅ ጀመር። ለካ አንዱ የአንዷን ፍየል መድኃኒት ለሁለት አካፍሏል። አንዱ መርፌ ቢያጣ በአፍ አጠጥቷል። አንዱማ ያከመው ሳል ሳይሆን የእግር ቁስል ነው! ሁሉም ይናገራል፣ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ተስማሙ። ከእንግዲህ ዳጉ ስንቀመጥ የሞተው ብቻ ሳይሆን የታመመውም ይነገር፣ አነጋገራችንም አንድ ይሁን ተባባሉ። በሽታው ምን ነበር፣ ምን ያህል ሰጠህ፣ በምን ሰጠህ፣ ዳነ ወይስ አልዳነ። በዚህ ሲጠያየቁ ነገሩ ጠራ። እነ ሰውየው በሚያጠጡባቸው በላይኞቹ ጉድጓዶች ዙሪያ ቢጫው መድኃኒት ልኩን ቢሰጡትም አይሠራም፤ በባሕሩ በኩል ግን አሁንም ያድናል። ያ ሩቅ የሚገኘው ነጩ መድኃኒት በሁሉም ዘንድ ይሠራል፤ እሱንም በሆነ ባልሆነው ካላባከኑት ማለት ነው።

አማቹ ነጩን አስመጣና የተረፉት ፍየሎቹ ዳኑ። ሰውየውም ከራሱ መንጋ መካከል ጤነኞቹን የሚታለቡትን መርጦ ለልጁ ነዳላት፤ ሕፃኑም ወተት አገኘ። ያን በጋ ሰውየው አልተቸገረም ብዬ አላታልልሽም። የሚወዳትን ግመል ሸጦ ነው እህል የበላው። ዝናብ ዘንቦ ገበያው ሲመለስ ግን የወደብ ነጋዴዎች በቀጥታ ወደ እሱ መጡ። እነዚህ ጤነኞች ናቸው ሲላቸው ጥርስ እንኳ ሳያዩ ገዙ። ሌላው ስለ መንጋው ሲምል ይጠራጠራሉ፤ እሱ ግን ክፉውን ሲናገር በጆሯቸው ሰምተውታል።

እንግዲህ ትርሲት፣ ያ ሰውዬ እናንተ ናችሁ፣ አንቺና አለቆችሽ። ፍየሎቹ የአገራችን ከብትና ዶሮ፣ በግና ግመል ናቸው። ጎረቤቶቻችን ያቀረቡላችሁም ያንኑ ዳጉ ነው። ስንት እንስሳ ሞተብን ብለን ሪፖርት መጻፍ ለምደናል፤ ታሞ መድኃኒት አልመልሰው ያለውን ግን ሳናነሣ እናልፋለን፣ አልዋሸንምም። ጀርሙ ደግሞ ፍየል ላይ አይቆምም፤ ለምዶ ለምዶ ወደ አላቢውም ይሻገራል። አመራመራችን አንድ ይሁን ያሉሽም ለቅንጦት አይደለም። እኛ በአንድ ልክ፣ እነሱ በሌላ ልክ ከመረመርን ገበያ መካከል ሲጨቃጨቁ እንደነበሩት ሰዎች መሆናችን ነው።

ገበያ ይዘጋል ወይ ብለሽኛል። ለጊዜው ይዘጋ ይሆናል። መልሶ ይከፈታል፣ የሚከፈተውም ለታመነ ነው፤ በዚህስ ቅንጣት አልጠራጠርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የኖረው ለጨዋታ አይደለም። ሂጂና ውጤቱን ላኪው። አለቆችሽ እንቢ ካሉ ጥሪኝ፣ አብሬሽ እገባለሁ፤ ከእኔ ጋር መከራከር እንደማይወዱ አውቃለሁ።

ካልላክሽው ግን አንድ ቀን ከድንበር ወዲያ የምትሠራ እንዳንቺ ያለች የእንስሳት ሐኪም ትደውልልሻለች። «እህቴ፣ ይህ መድኃኒት እኛ ጋ መሥራት አቁሟል፤ እናንተ ጋ ሳይደርስ ልንገርሽ ብዬ ነው» ትልሻለች። ያን ጊዜ ምን ብለሽ ትመልሺላታለሽ?