እሹሩሩ የማይባልባት መንደር

ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ድንኳን ሜዳ የሚባል ሰፊ መስክ አለ። ከመስኩ ራስጌ ያለችው መንደር ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም፤ ያርሳሉ፣ ይጾማሉ፣ ሰርግ ሲሆን ይዘፍናሉ። እናቶቻቸው ግን ልጅ ሲያስተኙ «እሹሩሩ» አይሉም። ሕጻኑን አዝለው ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ ከአፋቸው አንዲት ቃል አትወጣም። ምክንያቱን የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን የሚጀምሩት ከአንድ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ የተባለውም ጥርሱን አብቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ነበር።

እንደሚነገረው፣ ነገሥታቱ ቋሚ ከተማ ሳይኖራቸው ከነድንኳናቸው በሚዞሩበት በዚያ ዘመን፣ ሰርጸ ጽዮን የሚባል ሕጻን አባቱ በድንገት ስለሞተ በዓመት ከመንፈቁ ነገሠ። ዘውዱ ቢሰፋው ውስጡን ጥጥ ሞሉለት ይባላል። እንደ ዘመኑ ሥርዓት ንጉሥ በመጋረጃ ውስጥ የሚኖር ስለሆነ ሠራዊቱ ፊቱን አይቶት አያውቅም፤ መኖሩን የሚያውቀው በሞግዚቱ ድምፅ ነበር። እሷ እሹሩሩ ማለት ስትጀምር ንጉሡ ሊተኛ ነው ተብሎ ከበሮው ሁሉ ዝም ይላል።

ሞግዚቱ ሐረገ ወይን ትባላለች። ከዚህችው መንደር፣ ጡት የምትጠባ የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ የንጉሥ ልጅ እንድታጠባ የተወሰደች ሴት ነበረች። መኳንንቱ ሁሉ «ጃንሆይ» እያሉ መሬት ሲስሙለት፣ «አንተ» የምትለው እሷ ብቻ ነበረች አሉ።

ሠራዊቱ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ሕጻኑን ንዳድ ያዘው። ሦስት ቀን ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሠራዊቱ በዚህ መስክ ሰፍሮ ሳለ፣ በሐረገ ወይን ጭን ላይ ሞተ። ከነገሠ ሰባት ወሩ ነበር።

በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሞግዚቷ፣ የሕጻኑ እናት ንግሥቲቱና በሕጻኑ ስም አገር ያስተዳድር የነበረው ብሕት ወደድ ክፍለ ማርያም። ክፍለ ማርያም ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። ወራሹ የሕጻኑ አጎት ነው፤ እሱ ደግሞ የንጉሥ ዘር ሁሉ ተዘግቶ በሚኖርበት ተራራ ላይ ነውና መልእክተኛ ሄዶ እስኪያወርደው አንድ ወር ይፈጃል፤ ዙፋኑ ባዶ መሆኑ ዛሬ ከተሰማ ግን ሠራዊቱ በየጌታው ተከፋፍሎ እዚሁ ይተላለቃል። ይህንን ለሁለቱ ሴቶች በዝግታ አስረዳቸው። ንግሥቲቱ የልጇን እግር በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች ሰማችው፤ ሲጨርስም እንዳልክ ይሁን አለችው።

ሕጻኑን ከምንጣፉ ሥር ቀበሩት። ብሕት ወደዱ ራሱ በጦር ጫፍ ቆፈረ፣ አፈሩን በእጁ መለሰ፣ ምንጣፉን አነጠፈበት። ከዚያ አንድ ትንሽ ስልቻ ገብስ አስመጥቶ በሕጻኑ መጠቅለያ ጠቀለለና ለሐረገ ወይን ሰጣት። በአንቀልባው አዘለችው። ጥቂት ቆማ አወረደችው።

«ይከብዳል» አለች።

ሁለት እፍኝ ገብስ አውጥታ መልሳ አዘለችው።

«እንደ ወትሮው እሹሩሩ በዪ» አላት ብሕት ወደዱ። «ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

በማግስቱ ድንኳኑ ተነቀለ፤ እግረኛውም፣ ፈረሱም፣ የጭነት በቅሎውም በመስኩ ላይ አለፈ። ሐረገ ወይን መጋረጃ በተጋረደላት በቅሎ ላይ ሆና ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

ሠላሳ ሦስት ቀን ሄዱ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እሹሩሩ ትላለች፣ ከበሮው ዝም ይላል፣ በመንገድ ዳር ያለው ሰው ጎንበስ ይላል። ንግሥቲቱ በወይዛዝርቱ ፊት «ተኛልሽ?» ብላ ትጠይቃታለች፤ «ተኝቷል፣ እመቤቴ» ትላታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም እንባቸውን በግድ ይይዙ ነበር ይባላል። በኋላ ግን መያዝ አላስፈለጋቸውም።

በሠላሳ አራተኛው ቀን አጎቱ ደርሶ ነገሠ። የሕጻኑ ሞት ያን ዕለት እንደሆነ ተነገረ፤ ሠፈሩ በለቅሶ ተናወጠ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። ሐረገ ወይን በመካከላቸው ደረቅ ዓይኗን ይዛ ተቀመጠች፤ ያዩዋት ሁሉ ልበ ደንዳና አሏት። ገብሱ ለበቅሎ ተሰጠ።

ብሕት ወደዱ ምን እንደምትፈልግ ቢጠይቃት ቤቷ መሄድ ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ እሱም ከመስኩ ራስጌ ያለውን መሬት ርስት አድርጎ ሰጥቶ አሰናበታት። ቤቷ ስትደርስ ልጇ በሁለት እግሯ ትሄዳለች፤ እናቷን አላወቀቻትም፣ አለቀሰች። አሮጊቷ እናቷ «አባብያት እንጂ፣ ልጅሽ እኮ ናት» አለቻት። ሐረገ ወይን ልጇን አዘለች። እሹሩሩ ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፁ አልወጣም። ደጋግማ ሞከረችና ተወችው፤ ልጂቱ ማልቀሱ ሲደክማት ዝም ብላ ተኛች።

ሐረገ ወይን ጀርባዋን ወደ እናቷ አዞረች።

«እማዬ፣ እስቲ እያት። ትተነፍሳለች?»

«ተኝታለች» አለቻት።

«አውቃለሁ። ትተነፍሳለች ወይ?»

አሮጊቷ ጆሮዋን አስጠግታ አዎን አለቻት። ሐረገ ወይንም ያን ጊዜ ቁጭ አለች።

ልጂቱ ያለ እሹሩሩ አድጋ የራሷንም ልጆች ያለ እሹሩሩ አሳደገች፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከእሷ የወረደ ነው ይባላል። መስኩ እስከ ዛሬ ለግጦሽ እንጂ ለእርሻ አይውልም፤ ሕጻኑ የት ላይ እንደተቀበረ የሚያውቅ የለምና። ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ወልዳ፣ ሳታውቅ እሹሩሩ ማለት የጀመረች እንደሆነ አማቷ አትቆጣትም። «ስጪኝ» ብላ ሕጻኑን ከእጇ ትቀበላታለች፤ እንቅልፍ እስኪወስደውም ድረስ አዝላው በዝምታ በግቢው ትመላለሳለች።